ጊታሩን የመታው ማነው?

ማንንም ሰው «ኧረ መላ መላ»ን አንጎራጉርልኝ በሉት። ግጥሙ ላይ አያቆምም። ስንኙ ሲያልቅ አፉን ሳክስፎን ያደርገዋል፣ ቀጥሎ ቤዝ፣ ቀጥሎ ጊታር፤ ጣቱ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ድራም ይመታል። የእኛ ዘፈን እንደዚህ ነው የተሠራው። በአንዱ ስንኝና በሌላው መካከል ክፍት ቦታ አለ፣ እሱን መሣሪያ ይሞላዋል፣ እኛም መሣሪያውን እንደ ግጥም በቃላችን ይዘነዋል።

አሁን ጠይቁት። ዘፋኙ ማነው? ማሕሙድ አሕመድ። ይሄ ጥያቄም አይደለም። ጊታሩን የመታውስ?

«ባንዱ ነዋ!»

ይህን መልስ በብዛት የሰማሁት መርካቶ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከሲኒማ ራስ እስከ ምናለሽ ተራ እየዞርኩ የድሮ ካሴት ልባስ ፎቶ አነሳለሁ። ካሴቱን ሳይሆን ልባሱን፣ በተለይ ጀርባውን። ቤት ስገባ ያነበብኩትን ሰንጠረዥ ላይ አሰፍራለሁ፦ ዘፈን፣ ዓመት፣ ድምፃዊ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ አጃቢ ባንድ። ከዚያ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንዳንድ ዓምድ አለ፦ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት። እስከ «አጃቢ ባንድ» ያሉት ዓምዶች ቶሎ ይሞላሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ሜዳ ነው።

ከማሕሙድ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው ራሱ የመርካቶ ልጅ ነው፣ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ የጠረገ። እሱን የማያውቅ ሻጭ መርካቶ ውስጥ አታገኙም። «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ሲቀዳ ከኋላው የነበረው አይቤክስ ባንድ ነው። ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ ነው። ጊታሩ የሰላም ሥዩም ወልደማርያም ነው። ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ ስሙትና ማሕሙድን ለትንሽ ጊዜ እርሱት። ጊታሩ አጃቢ አይመስልም፤ ከድምፃዊው ጋር ይነጋገራል፣ አንዳንዴም ይከራከራል። እኔ ስሰማው ክራር ይመጣብኛል፤ ኤሌክትሪክ ቢሰካበትም አካሄዱ የክራር ነው።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1976፣ እነዚሁ ልጆች ራስ ሆቴል ውስጥ ድምፃዊ የሌለበት አልበም ቀዱ። በኋላ ቡድኑ ሮሃ ባንድ ሆነ። ከሰላምና ከጆቫኒ ጋር እነ ፈቃዱ ዐምደ መስቀል በሳክስፎን፣ እነ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ ተጫውተውበታል። ሮሃ ከ250 በላይ አልበም እንዳጀበ ይነገራል። ቁጥሩን ትንሽ አስቡት። በደርግ ዘመን ያደጉት እናትና አባቶቻችን ሲዋደዱ፣ ሲጋቡ፣ ሲለያዩ ከኋላ ይሰማ የነበረው ጊታር በአብዛኛው የአንድ ሰው ጣት ነው ማለት ነው። እኔ እጅ በገቡት ልባሶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚነበበው ሁለት ቃል ነው፦ «ሮሃ ባንድ»።

የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ላይ ነው። የዘመኑን ሙዚቃ በጣቱ የሠራው ሰው ያንኑ ታሪክ በብዕሩም ጽፎታል። የራሱን ስም ግን በየልባሱ ጀርባ ስፈልገው አጣዋለሁ።

ስሙን የበላው ማነው ብዬ አንድ ጥፋተኛ ስፈልግ ነበር የከረምኩት። አንድ ጥፋተኛ የለም። ስሙ በየመሸጋገሪያው ትንሽ ትንሽ እየተሸረፈ ነው የጠፋው።

የመጀመሪያው ምክንያት ወታደራዊ ነው። የዘመናዊ ሙዚቃችን ትምህርት ቤቶች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ነበሩ። ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ነው፣ ማዕረግ አለው፣ መሣሪያው የመንግሥት ነው። የሚጠራው የክፍሉ ስም ነው። ጥሩምባ የነፋው ወታደር ስሜ ይጻፍልኝ አይልም፤ ዘብ የቆመውም አላለም።

ሁለተኛው ሸክላው ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ያንን በር ባይከፍት ዛሬ የምናወራው ነገር ባልኖረ። ነገር ግን እነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ነው የሚይዙት፣ መሐላቸው ላይ ያለችው ክብ ወረቀት ደግሞ ከመዳፍ ታንሳለች። የዘፈኑ ርዕስ፣ የዘፋኙ ስም፣ የአሳታሚው ምልክት ሲገባባት ቦታ አለቀ።

ሦስተኛው ካሴት ነው። ካሴት ሲመጣ ቦታ ተገኘ፤ የልባሱ ጀርባ ለአሥር ስም ይበቃል። እዚህ ላይ መርካቶ ትገባለች። ድሮ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው፣ ዛሬ የሞባይል ሽፋን የሚሸጡ አንድ ሰውዬ አሉ። ጥያቄዬን ሲሰሙ ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ ካሴት ሲባዛ ዋናው ልባስ አንድ ነው። ገዢው የሚያየው ፎቶውን ነው። የጀርባውን ጽሑፍ ምን ያደርግለታል? የሚያባዙት ፊቱን በፎቶኮፒ ያወጣሉ፣ ጀርባው ባዶ ይቀራል። ወረቀትም ብር ነው።»

«ስሙ ጠፋ ማለት ነው?»

«ምን ይጠፋል! እኛ እናውቀዋለን።»

እውነት ነው፣ ያውቁታል። ስልኬ ላይ የከፈትኩላቸውን ዘፈን ግማሽ ደቂቃ ሳይሰሙ ባንዱን ነገሩኝ፣ ጊታሩንም ነገሩኝ፣ ዓመቱንም ገመቱ። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። መረጃው ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

አራተኛው የእኛ ዘመን ነው። እዚያው አካባቢ ዘፈን የሚጭን ልጅ አለ። ፍላሻችሁን ትሰጡታላችሁ፣ «ቆየት ያለ ይሁን አዲስ?» ይላችኋል፣ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ በሺህ የሚቆጠር ዘፈን ተጭኖላችኋል። ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቷቸው «ትራክ 07» ይላሉ። አርቲስት በሚለው ቦታ ላይ አንዳንዱ «ያልታወቀ» ይላል፣ አንዳንዱ የጫነውን ሱቅ ስልክ ቁጥር ይዟል። ልጁን ጠየቅኩት፦ እዚህ ላይ ጊታር የተጫወተው ማነው?

«ብሮ፣ አንተ ዘፈኑን ነው የምትፈልገው ሰውየውን?»

በሥራዬ ምክንያት ይሄኛውን መሸጋገሪያ በደንብ አውቀዋለሁ። ኤምፒስሪ ፋይል ላይ ስለ ዘፈኑ የሚጻፍበት ቦታ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲፈጠር ጠቅላላ መጠኑ 128 ባይት ነበር። ለርዕስ 30፣ ለአርቲስት 30፣ ለአልበም 30፣ ለዓመት 4 ባይት። «አርቲስት» የሚለው ሳጥን አንድ ብቻ ነው። የተሠራው ለላቲን ፊደል ቢሆንም፣ በዛሬው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ እንሞክረው። «ማሕሙድ አሕመድ» ከነክፍት ቦታው 25 ባይት ነው። ይገባል። «ሰላም ሥዩም ወልደማርያም» 41 ባይት ነው። አይገባም።

ይህ አጋጣሚ ነው፣ ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። ግን ሲስተም የሚሠራ ሰው ሁሉ ሳያስበው አንድ ነገር ይወስናል፤ ስንት ሰው እንደሚታወስ ይወስናል። በ2000 በወጣው አዲሱ ደንብ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስምና መሣሪያ የሚጻፍበት የተለየ ቦታ ተጨምሯል። ቦታው ከተሠራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። መርካቶ ካስጫንኳቸው ፋይሎች መካከል ይህ ቦታ የተሞላበት አንድም አላገኘሁም።

እኔ በሥራዬ አንዲት ኮማ ብቀይር ጊት የሚባለው መሣሪያ ስሜን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል። ከዓመታት በኋላ ማንም ሰው ያችን መስመር ጠቁሞ «ይህን የጻፈው ማነው?» ቢል መልሱ እኔ ነኝ። ነገ ማንም የማያስታውሰው የባንክ አፕሊኬሽን ውስጥ ያለች ኮማ ባለቤት አላት። አገር በቃሉ የያዘው የጊታር ሶሎ ግን የለውም።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የቢትልስ «ዋይል ማይ ጊታር ጀንትሊ ዊፕስ» ላይ ያንን የሚያለቅስ ጊታር የተጫወተው ኤሪክ ክላፕተን ነው፤ አልበሙ ላይ ስሙ አልተጻፈም። ክላፕተን ግን ያኔም ክላፕተን ነበር። ስሙ ባይጻፍም ወሬው ቀድሞ ደርሷል።

ለእኛ የሚቀርበው የዲትሮይቱ ሞታውን ነው። የሞታውን ዘፈኖችን የተጫወቱት ፈንክ ብራዘርስ የሚባሉ የስቱዲዮ ሰዎች በዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ ተወዳጅ ዘፈን ሠርተው፣ ስማቸው በወጉ አልበም ላይ የሰፈረው በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ነው። ከእነሱ አንዱ ሮበርት ዋይት ይባላል። የቴምፕቴሽንስ «ማይ ገርል» ሲጀምር የምትሰማው፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቃት የጊታር መግቢያ የእሱ ናት። ስለ ፈንክ ብራዘርስ በ2002 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ አንድ ታሪክ ይነገራል። ሮበርት ዋይት ምግብ ቤት ተቀምጦ ሊያዝዝ ሲል ያ ዘፈን ይከፈታል። ለአስተናጋጁ «ይህን የምትሰማውን...» ብሎ ይጀምርና ይተወዋል። ምግቡን ያዝዛል። በኋላ ለምን ተውከው ሲባል፣ አንድ ያረጀ ቂል ሰውዬ ይቀባጥራል ይለኛል ብሎ እንደሆነ ተናገረ።

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ስም ያልተጻፈለት ሰው እውነቱን ሲናገር ራሱ ጉረኛ ይመስላል። ምስክር የለውማ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ሽማግሌ ታክሲ ውስጥ የገዛ ጊታሩን ሰምቶ ዝም ብሎ «ወራጅ አለ» ብሎ ወርዷል?

ብዙ ሰው ይህን የክብር ጉዳይ ያደርገዋል። «ለባለውለታዎቻችን ዕውቅና እንስጥ» ይባላል፣ ካባ ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይረሳል። እኔ ከክብር በፊት የሚመጣ ነገር ያለ ይመስለኛል። ስም አድራሻ ነው። ገንዘብም፣ ሥራም፣ አድማጭም አንድን ሰው ፈልጎ የሚያገኘው በስሙ ነው።

ለዚህ ከባሕር ዳር ገበያ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ዋልያስ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ፣ በ1977 «ቸ በለው»ን ያወጣ ባንድ ነው። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ቁጭ ብሎ አኮርዲዮኑን ከኪቦርዶችና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በዋሽንግተን ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሾፌር ሆነ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አንድ ቀን ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ልባሱ ላይ ስም አለ። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈለገ፣ ሰውየውን አገኘ፣ ደወለ። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ከታክሲው ወርዶ ዓለምን እየዞረ ተጫወተ።

አሁን በዚያ ልባስ ላይ «የተለያዩ ተጫዋቾች» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡ። ሙዚቃው ያው ነው። ሰውየውም ያው ነው። የሚደወልለት ግን የለም።

ግርማ በየነም አለ። የብዙ የዚያ ዘመን ዘፈኖች ቅንብርና ፒያኖ የእሱ ነው፤ ራሱ ዘፍኖ ሸክላ ላይ ያስቀረው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እሱም ከዋልያስ ጋር ሄዶ አሜሪካ ቀረ፣ ነዳጅ ማደያ ሠራ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባሳተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ ውስጥ የተጫዋቾችን ስም እየለቀመ በየመጽሔቱ አስፍሯል፤ የግርማም ስም በዚያ መንገድ ወደ ወጣት ሙዚቀኞች ጆሮ ደረሰ። በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። እዚህ ላይ አንድ ምጸት አለ። ሲዲው መርካቶ ደርሶ ሲገለበጥ ዘፈኑ ብቻ ተገለበጠ፤ ስሞቹ ያሉበት መጽሔት ፓሪስ ቀረ።

ሕጉስ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከዋኝ» የሚለውን ሰው ያውቀዋል። ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን የሚጫወተውንም ይጨምራል፣ ጥበቃውም 50 ዓመት ነው። 50 ዓመት ረጅም ይመስላል። «ኧረ መላ መላ» ግን 50 ዓመቱን ጨርሷል። የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው፣ ከዚያም በላይ ናቸው፣ ብዙዎቹም የሉም። መብት የሚሰጥ ሕግ ኖሮ የባለመብቱ ስም ካልተጻፈ፣ ሕጉ ባዶ ቤት የሚያንኳኳ ፖስተኛ ነው።

ስም እንደሚሸጥም አይተናል። በእኛ ልጅነት «ቅንብር፦ ኤልያስ መልካ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ካሴት ያስገዛ ነበር። ዘፋኙን ሳናውቀው በአቀናባሪው አምነን ገዝተናል። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከማለፉ ጥቂት ወራት በፊት ከባልደረቦቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ አፕሊኬሽን ያስጀመረው ሙዚቀኛው ከሥራው በቀጥታ እንዲከፈለው ብሎ ነው። ከዘፋኙ ጀርባ የነበረው አቀናባሪ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥቷል ማለት ነው። ጊታሪስቱስ ምን ይከለክለዋል?

እዚህ ላይ ግን ፍሬን መያዝ ያስፈልጋል። ባዶ ቦታን ለመሙላት ያለ ጉጉት ሌላ ስርቆት ይወልዳል። አንድ ስም ከታወቀ በኋላ ሁሉም ነገር የእሱ ይሆናል። በዩቲዩብ አስተያየቶች ላይ የትኛውም የሰባዎቹ ጊታር ሲሰማ «ሰላም ነው!» የሚል አይጠፋም። የ«ቸ በለው» ጊታር ግን የማሕሙድ አማን ነው። የመጀመሪያውን በደል በሁለተኛ በደል አናርመውም፤ ስም የለሹን ሰው በታዋቂ ሰው ስም ሥር መቅበር ጭራሽ ፍለጋውን ይዘጋዋል። በእኔ ሙያ ባዶ ሳጥን ስህተት አይባልም። «እዚህ የጎደለ ነገር አለ» ብሎ ይጮኻል። በተሳሳተ ስም የተሞላ ሳጥን ግን ዝም ይላል። ስለዚህ ሰንጠረዤ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ «በምን ይታወቃል?» ልባስ ላይ ተጽፎ፣ ተጫዋቹ ራሱ ተናግሮ፣ ባንዱ ውስጥ የነበረ ሰው መስክሮ፣ ወይስ በጆሮ ግምት። የመርካቶው ሰውዬ የነገሩኝ በሙሉ «በጆሮ» ተብሎ ነው የገባው። ይህን ስነግራቸው ትንሽ ቅር አላቸው። ቢሆንም ከሌላ ምስክር ጋር ሲገጥም ደረጃው ከፍ ይላል አልኳቸው።

«እኔ ሳልሞት አረጋግጥ ታዲያ» አሉኝ።

ዛሬ ከተቀላቀለ ዘፈን ውስጥ ድምፃዊውን፣ ድራሙን፣ ቤዙን ለየብቻ የሚያወጣ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። ላፕቶፔ ላይ ሞክሬዋለሁ። ከ50 ዓመት በፊት የተቀዳው ጊታር፣ ከሳክስፎኑ ትንሽ ጭላጭ ጋር፣ ብቻውን ቆሞ ሲሰማ ፀጉር ያቆማል። ጣቱ ክር ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። የሰውየውን ጣት እንሰማለን፣ ስሙን ማሽኑ አያወጣውም። ያንን የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው፣ ሰዉም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው።

የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ቤታችሁ ከነልባሱ የተረፈ ካሴት ካለ ጀርባውን ፎቶ አንሡ። ቤተሰብ ውስጥ ሆቴል ቤት የተጫወተ፣ ኦርኬስትራ ውስጥ ያገለገለ፣ ሙዚቃ ቤት የነበረው ሰው ካለ ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጉና አንድ ዘፈን ክፈቱለት። ማን እንደዘፈነ አትጠይቁት። ጊታሩን ማን እንደመታው ጠይቁት፣ በምን እንዳወቀም ጠይቁት፣ ሁለቱንም ጻፉ። የድሮ ዘፈን ስትጭኑም ከሥሩ ስሙን ከነማስረጃው አስቀምጡ፣ ካላወቃችሁ ደግሞ ባዶውን ተዉት። ቦታው አለ። ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ተብሎ ሲጻፍ 41 ባይት ነው የሚወስደው።